አቤት ያለው ሁሉ

«እማዬ ትናንት ብቻ ሃያ ሦስት ሰው ገደለች» አለች ልጅቱ በስልክ፣ እየሳቀች።

ሲስተር ከመጋረጃው ወዲህ ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። በመዳፏ የያዘችው ውሃ በጣቶቿ መካከል ተንጠባጥቦ አለቀ። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ ሁለት የተደረገ ነው። በዚህ በኩል የተተነፈሰ በዚያ በኩል ይሰማል፤ እናትና ልጅ ዓመታቱን ያለፉት አንዳቸው የሌላቸውን እንዳልሰሙ በመሆን ነው። ዛሬ ግን አለመስማት አልተቻለም። «ከሃምሳ ጥያቄ እኮ ነው!» አለች ልጅቱ። «አንዱን አዛውንትማ ሁለቴ ነው የገደለቻቸው። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ስላት ‹አይዞዎት እላቸዋለሁ› ትለኛለች። አይዞዎት የሚል አማራጭ የለም ብላት ‹እንግዲያው ጥያቄው ነው የተሳሳተው› አትለኝም?» ከወዲያ ያለችው ጓደኛ ምን እንዳለች አይሰማም። የልጅቱ ሳቅ ቀስ እያለ ከሰመ። «እኔማ እንድታልፍ ነው የምመኘው። ግን አታልፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በልማድ ነው የሠራችው። ማን ጠይቋት ያውቃል?»

ነገ ጠዋት እናትና ልጅ በአንድ አዳራሽ፣ ለአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። ልጅቱ ዘንድሮ ነው ከነርስ ትምህርት ቤት የተመረቀችው፤ ፈተናው ለእሷ ወደ ሥራ መግቢያ ነው። ለሲስተር ደግሞ ከሥራ አለመውጫ። አዲሱ ደንብ አሮጌውንም አዲሱንም ነርስ እኩል አድርጎታል። በሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አራት መስመር ብቻ ነው፦ የሥራ ፈቃዱን በፈተና ያላደሰ ነርስ ሕመምተኛ አይነካም፤ ወደ ካርድ ክፍል ወይም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ሲስተር ይህን ወረቀት ባለፈች ባገደመች ቁጥር አንብባዋለች። «ይባረራል» ቢል ይሻላት ነበር። አይነካም የሚለውን ቃል ስታነብ ተላላፊ በሽታ ያለባት ያህል ይሰማታል።

ልጅቱ ስልኳን ዘግታ ስትመጣ ሻይ ተቀድቶ ነበር። ስለ ስልኩ ማንም አላነሳም። ዳቦው ዋጋው ባለበት ቆሞ መጠኑ አንሷል፤ ልጅቱ ይህንን ተናገረች፤ እናትየዋ «ወይ እሱ ይነስ ወይ እኛ» አለች፤ ከዚያ ሁለቱም ማኘካቸውን ቀጠሉ። ጠረጴዛው ላይ የጥያቄ ወረቀቶቹ ተቆልለዋል። ከፎቶ ኮፒ ላይ እንደገና ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ስለሆኑ ጠርዛቸው ጠቁሯል፤ በየጥያቄው ዳር ልጅቱ ትክክለኛውን ፊደል በቀይ ጽፋለች። ቀዩ ፊደል እናትየዋ ከከበበችው ፊደል ጋር የተገናኘበት ቦታ ጥቂት ነው። ሲስተር ወረቀቱን ገልብጣ የሻይ ብርጭቆዋን ላዩ ላይ አስቀመጠች። ልጅቱ ብርጭቆውን አንስታ ወረቀቱን መልሳ ገለበጠችው።

«ሳትሄጂ አንድ ብቻ ልጠይቅሽ። ነርሷ ለአንድ ታካሚ መድኃኒት ልትሰጥ ክፍሉ ገብታለች። መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ሀ፣ እጇን ትታጠባለች። ለ፣ ስሙንና ዕድሜውን ራሱ እንዲናገር ትጠይቀዋለች። ሐ፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ታነባለች። መ፣ መድኃኒቱን ትሰጠዋለች።»

«ከ‹መ› በቀር ሁሉንም።»

«ሁሉንም የሚል የለም።»

«ታዲያ የትኛው ይቅር? ሳልታጠብ ልስጠው? ሳላነብ ልስጠው?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ነው እኮ የሚለው! ትእዛዙን ሳትገባ አንብባዋለች። አሁን ገብታለች። ስለዚህ ‹ሀ›። ከዚያ ‹ለ›።»

«እኔ እንጃ። እየታጠብኩ አየዋለሁ። ሳየው አውቀዋለሁ። ስሙንስ ለምን እጠይቀዋለሁ? ስጠራው አቤት እያለኝ?»

«እሱ ነው እኮ ስህተቱ!» ልጅቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አንቺ አትጠሪም። ራሱ ነው የሚናገረው። ከራሱ አፍ ሁለት ነገር ሳትሰሚ እጅሽን አታነሺም። ይህቺን እንኳ ያዢልኝ፤ ትመጣለች እየተባለ ነው።»

ሲስተር ያዘቻት። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋገመቻት፤ ራሱ ይናገራል፣ ሁለት ነገር፣ ከዚያ እጅ። አንዲት ወጣት ሴት ጸሎት ላይ ያለች መስሏት በአክብሮት ተነስታ ቦታ ለቀቀችላት። ሲስተርም እንዳላፈረች ሆና ተቀመጠች። በመስኮቱ የሚያልፈው መንገድ ሁሌ የሚያልፈው ነው፤ የጎማ ጥገናው፣ ሁልጊዜ ግማሽ በሩ የተዘጋው መድኃኒት ቤት፣ የትምህርት ቤቱ አጥር። ነገር ግን ሁሉም ነገር ፊደል ያለው መሰላት። ሹፌሩ በሩን ሳይዘጋ ሲነሳ፣ መጀመሪያ ምን ማድረግ ነበረበት? ሀ፣ በሩን መዝጋት። ለ፣ መስታወቱን ማየት። አሁንም ሁሉንም አለች በልቧ፤ አሁንም ሁሉንም የሚል አልነበረም።

የዓይን ክፍሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት በረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ለወራት ተራ ሲጠብቁ የቆዩ የዓይን ሞራ ሕመምተኞች በዘመቻ እየተሠሩ ነው። ለዛሬ የተጻፉት ዐሥራ አራት ናቸው። ከግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ፣ አረንጓዴ ቆብ አጥልቀው፣ ካርዳቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተደርድረዋል። የሲስተር ሥራ አጭር ነው። ከካርዱ ላይ ስም ትጠራለች፤ አቤት ያለው ይመጣል፤ በካርዱ ከተጻፈው ዓይን በላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ ነጭ ፕላስተር ትለጥፋለች፤ ብሌኑን የሚያሰፋውን ጠብታ በየዐሥር ደቂቃው ሦስት ጊዜ ትጨምራለች፤ ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ቀዶ ጥገናው በር ታደርሰዋለች። ሐኪሙ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ፕላስተሩ ያለበትን ዓይን ይሠራል፤ ዓይኑ ውስጥ የሚገባውም ሌንስ አስቀድሞ ተለክቶ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ሲስተር ይህንን ሥራ እያወራች፣ እየሳቀች፣ የአንዱን ቆብ እያስተካከለች፣ ሌላዋን «አይዞዎት፣ ከትንኝ ንክሻ አይብስም» እያለች ትሠራው ነበር።

ዛሬ እጇ አልታዘዝ አለ። እጇን ታጠበች፤ ካርዱን ነካች፤ ካርዱ ንጹሕ ነው ወይ ብላ ተመልሳ ታጠበች። ከቧንቧውና ከአግዳሚው መካከል ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። የመጀመሪያዋን ሴትዮ ስሟን ጠርታ ከጨረሰች በኋላ አትጠሪም የተባለችው ትዝ አላት፤ የሁለተኛውን ሰው ስም ላለመጥራት ካርዱን በዝምታ ወደ አግዳሚው ከፍ አድርጋ ስታሳይ ደግሞ፣ የማያዩ ሰዎች እንደ ሆኑ ዘንግታ ነበርና፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ስድስት ሰው አዘጋጅታ በምትጨርስበት ሰዓት ገና ሁለተኛው ሰው ላይ ነበረች።

«ምነው ዛሬ፣ ሙሽራ ሆንሽ?» አለች ኃላፊዋ ከኮሪደሩ ጫፍ። ይህችን ሴት ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሐኪም ሁሉም ሰው «ደወል» ነው የሚላት፤ በዚህ ጫፍ ስትናገር በዚያ ጫፍ የተኛ ይነሳል። ነገ እሷም ተፈታኝ ናት። «ለዚያች ፈተና ነው እንዲህ የምትሆኚው? ዘዴው እኮ ቀላል ነው፤ የጠፋብሽ ጊዜ ሁሉ ‹ሐ› በይ። ከአራት አንዱ መቼም ይመታል። አሁን ግን ጥሪልኝ፤ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆሟል!»

ሲስተር ጠራች። «አቤት!» ብለው ከአግዳሚው መካከል አንድ ቀጭን ሽማግሌ ተነሱ። እየዳሰሱ መጡ። ካርዱ ቀኝ ይላል፤ ቀኝ ቅንድባቸው ላይ ፕላስተሩን ለጠፈች፤ አገጫቸውን ቀና አድርጋ አንድ ጠብታ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ጣል አደረገች። ጠብታው ከጠርሙሱ ጫፍ ሲለቅ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ የልጇ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እጅሽን አታነሺም።

«አባባ፣ እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«አሁን ጠራሽኝ አይደለም እንዴ?»

«ጠርቻለሁ። ግን ራስዎ ይንገሩኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ካርዱ ጠፋብሽ?»

አግዳሚው ሳቀ። ሽማግሌው ግን ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ መምህር ፊት እንደቆመ ተማሪ፣ ሳይተነፍሱ አወረዱት። ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሲስተር እፎይ አለች፤ ደግሞም አፈረች። ለማሟላት ያህል ብቻ «ዕድሜዎስ?» አለች። ሽማግሌው ፊታቸውን አስታማሚዎች ወደ ተቀመጡበት በር መለስ አደረጉ። «ስልሳ… ስምንት» አሉ። ካርዱ ሰባ ሦስት ይላል። በዕድሜ ጉዳይ ሲስተር ከማንም ሕመምተኛ ጋር ተጣልታ አታውቅም፤ አንዱ ጨምሮ ይነግራታል፣ አንዷ ቀንሳ ትነግራታለች፣ እሷም እንደ ነገሯት ትቀበላለች። ልታልፈው ነበር። አፏ ግን ሳታዝዘው ቀጠለ።

«ዛሬ የሚሠራው የትኛው ዓይንዎ ነው?»

«ግራዬ ነዋ።»

«ቀኝዎ ላይ ነው እኮ የለጠፈችብዎ» አሉ አግዳሚው ላይ በቅርብ የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ፤ አንድ ዓይናቸው ደህና ነበር። «ግራና ቀኝዎን ይለዩ እንጂ!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ግራዬ ነው!»

«በቀረችዎት ነው የሚምሉት?»

አግዳሚው ዳግመኛ ሳቀ። ሲስተር አልሳቀችም። በትንሿ ባትሪ ሁለቱንም ዓይኖች አየች። ቀኙ ጭጋግ አለው፤ ግራው ግን የተቀቀለ እንቁላል ነው የሚመስለው። ካርዱ ቀኝ አለ፣ ሰውየው ግራ አለ፣ ዓይኗም ግራ አለ፣ ጠብታው ቀኝ ውስጥ ነው። እጃቸውን ይዛ ልብስ መቀየሪያው መከለያ ጀርባ ወሰደቻቸው። ሽማግሌው እዚያ ሲደርሱ እጅጌዋን ያዙ።

«ልጄ፣ አትጩሂብኝ። ካርዱ የወንድሜ ነው። ውጭ ተቀምጧል። ተራው የእሱ ነበረ፤ ዓመት ሊሆነው ጥቂት ቀርቶታል። እኔ የተመዘገብኩት ከእሱ በኋላ ነው። ‹እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፣ አንተ እንጀራህ ዓይንህ ላይ ነው፣ አንተ ግባ› ብሎ ካርዱን አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ስሙን ሌሊቱን ሲያስጠናኝ ነው ያደረው። ዕድሜውን ማን ይጠይቃል ብለን ተውነው።»

«አባባ፣ የሰው ካርድ ይዞ…»

«ምን ልዩነት አለው? የአንድ እናት ልጆች ነን። ሞራውም ቢሆን ከአባታችን ነው የወረስነው።»

«ሥራዎ ምንድነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ፤ መርፌ ላይ ክር መሰካት ካቃተኝ ከረመ።»

ሲስተር ካርዱ ላይ የተጻፈውን የሌንስ ቁጥር አየች። «በወንድምዎ ልክ የተቆረጠ ኮት ለእርስዎ ይሆናል?»

ልብስ ሰፊው ነገሩን እንደ ደንበኛ ጥያቄ ቆጠሩት። በሐሳባቸው ለኩት። «ትከሻው ይሰፋኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እጅጌውም ይረዝማል።»

«ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስም በወንድምዎ ዓይን ነው የተለካው። ለቀኝ ነው የተለካው። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ተፈትቶ አይጠብም።»

ልብስ ሰፊው እጅጌዋን ለቀቁ። ሲስተር መከለያውን ተደግፋ ቆመች። የፈራችው እኚህን ሰውዬ አልነበረም፤ እኚህማ ተይዘዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አገኘች። እስከ ዛሬ የጠራቻቸው ሁሉ አቤት እያሉ መጥተውላታል። አቤት ያለው ሁሉ ባለስሙ ነበር? ወንድም ለወንድም ተራ የሚለቅበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ካርድ የሚያውስበት አገር ውስጥ፣ ስንቱ የሌላ ሰው ጠብታ፣ የሌላ ሰው መርፌ ከእጇ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ መርቋት ሄደ? ፊታቸውን ለማስታወስ ሞከረች፤ የመጣላት አረንጓዴ ቆብ ብቻ ነበር። ከውጭ የደወል ድምፅ «ሲስተር! ሦስተኛውን!» ይላል። መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ለሐኪሙ ትነግራለች። ታናሹን አስወጥታ ታላቁን ታስገባለች፤ ማንም አያውቅም። ትመዘግባለች። ዓይኑን ታጥባለች። ፊደሎቹ ግን ተራቸውን አልጠበቁም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስተው አቤት አሏት።

ያደረገችውም እንዲሁ የተምታታ ነበር። መጀመሪያ ፕላስተሩን ላጠች። ከዚያ ወደ ቀዶ ጥገናው በር ሄደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሽማግሌውን ብቻቸውን እንደተወቻቸው ትዝ ብሏት ተመለሰች፤ አስቀመጠቻቸው፤ እንደገና ሄደች። ሐኪሙ እጆቹን ወደ ላይ ይዞ ሰማት። ዓይኖቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ደክመዋል። «ሌንሱ ለባለካርዱ ነው፤ ባለካርዱን አስገቢ» አለ። «ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ዙር መዝግቡት። አንቺ ባትጠይቂ ግን እኔ ፕላስተሩን አይቼ እገባ ነበር።» ይህን ሲል አመሰገናት ወይስ ወቀሳት፣ አልገባትም። ደወል ነገሩን ስትሰማ ኮሪደሩ ተናወጠ። «ሁለቱንም ከዝርዝሩ ሰርዢያቸው! ነገ ደግሞ አክስቶቻቸውን ይልኩብናል!» ሐኪሙ ከውስጥ «ተያቸው» ባይላት ኖሮ ራሷ ትሰርዛቸው ነበር።

ታላቅየው ከበሩ ውጭ፣ ጃኬታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። ታሪኩ መታወቁን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ ተቆጡ እንጂ። «ከሰጠሁ ሰጠሁ ነው። የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም።»

«ወንድምጋሼ፣ ግባ በቃ» አሉ ልብስ ሰፊው። «የተቆረጠው በአንተ ልክ ነው።»

«አንተ ግባ።»

«ለእኔ አይሆንም አሉህ እኮ!»

«እንግዲያው ማናችንም አንገባም።»

በር ላይ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» እንደሚባባሉ እንግዶች ቆመው ተከራከሩ። ጊዜው እየሄደ ነው፤ ደወል ከወዲያ ትጣራለች። ልጇ ያስጠናቻት ወረቀት ላይ ለዚህ የሚሆን አንድም መስመር አልነበረም። ሲስተር ከታላቅየው ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ጉልበታቸው ላይ እጇን አሳረፈች። «አባባ፣ ካልገቡ ሁለታችሁም በዳሰሳ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። ከገቡ አንድ የሚያይ ዓይን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እሳቸው ተራቸው እስኪደርስ መርፌው ላይ ክሩን ማን ይሰካላቸዋል?» ታላቅየው የወንድማቸውን ክንድ ዳሰሱ። ከዚያ ጃኬታቸውን ለወንድማቸው አስያዙና ተነሱ። ሲስተርም ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ዓይናቸውን ከራሳቸው አፍ ሰምታ፣ ከዚያ እጇን አነሳች።

ምሳ ሰዓት ላይ የስህተት መዝገቡን ከደወል ጠረጴዛ አወጣች። ቀጭን ደብተር ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ ስለተሰበረ መስኮት ነው፤ እሱም ቆይቷል። «ስምና ዕድሜ ሳልጠይቅ ቀዶ ጥገና ለማይደረግለት ሰው ቀኝ ዓይን አንድ ጠብታ ጨመርኩ። የጠየቅሁት ከጨመርኩ በኋላ ነው» ብላ ጽፋ ስሟን አሰፈረች። ደወል ከትከሻዋ በላይ አነበበች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ዛሬ ምን ሆነሻል? ስህተት የተመዘገበበት ሰው ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ፈቃዱ አይታደስም። ፈተናውን መቶ ከመቶ ብታገኚ እንኳ። ማን ተጎዳ? ጠብታው ነገ ይለቀዋል። አንቺ ነሽ እንጂ እሱን ያዳንሽው።» ከዚያ ገጹን ከሥሩ ይዛ በዝግታ ቀደደችው፤ አራት አጥፋ የሲስተር የደረት ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ነገ በንጹሕ ስም ግቢ፣ እህቴ። ካርድ ክፍል ገብተሽ አቧራ ስትቅሚ ማየት አልፈልግም።» ሲስተር ወረቀቱን አላወጣችም። መልሳም አልሰጠችም።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። ቀኝ ብሌናቸው ሰፍቶ ብርሃን ስለሚወጋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ሲስተር ውሃ አመጣችላቸው። ጠጡና ብርጭቆውን መለሱ። «ባትጠይቂኝ ኖሮ ይሄኔ ተሠርቼ ነበር» አሉ። ተሠርተው ምን ሊሆኑ እንደነበር ጠዋት ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቅሬታቸው ግን ከማወቃቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ታላቅየው ዓይናቸው ታሽጎ ሲወጡ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ፤ አንዱ ታሽጎበት፣ አንዱ ብርሃን በዝቶበት። ማን ማንን እንደሚመራ ከኋላ ሆና ብታይም ልትለይ አልቻለችም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስትደርስ ልጅቱ የሁለቱንም የነገ ልብስ ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላለች። ሁለቱ የመፈተኛ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። «ጀመርን» አለች ወረቀቷን እየገለጠች፤ «ዛሬ ሠላሳ ብቻ።»

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ» አለች ሲስተር ጫማዋን ሳታወልቅ። «ነርሷ ለአንድ ሰው የዓይን ጠብታ ጨመረች። ከዚያ ስሙንና ዕድሜውን ጠየቀች። ሰውየው ባለካርዱ ሳይሆን ቀረ። ምን ታደርጋለች?»

«ከጨመረች በኋላ?»

«ከጨመረች በኋላ።»

«እንዲህ ያለ አይመጣም። የሚመጡት ሁሉ ‹ከመስጠቷ በፊት› ነው የሚሉት።»

«ቢመጣስ?»

«ቢመጣ… ታቆማለች፤ ለሐኪሙ ትነግራለች፤ ትመዘግባለች።» ልጅቱ ቀና አለች። የእናቷ እጅ ኪሷ ላይ ነበር። ሲስተር ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ልጅቱ እጥፋቱን ከፍታ አነበበች፤ አጭር ነው፣ ግን ረጅም ጊዜ አነበበችው። ሻይ ማፍያው እየተንተከተከ ክዳኑን ያነሳል፤ ማናቸውም አልተነሱም።

«ማን ቀደደው?»

«ደወል። ለእኔ ብላ ነው። ከተመዘገበ ፈቃዴን አያድሱም አለች፤ እስኪጣራ።» ሲስተር ድምፅዋ እንዳይለወጥ ተጠንቅቃ ቀጠለች። «ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁ አላውቅም፣ ልጄ። ዛሬ ስለጠየቅሁ ብቻ ነው ያወቅሁት። ምን ላድርገው?»

ልጅቱ ወረቀቱን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አቃናችው። «ሰዓቱን አልጻፍሽም» አለች በመጨረሻ።

«ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር።»

«ገደማ አይባልም።»

«ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

ልጅቱ ብዕሯን ሰጠቻት። ሲስተር ሰዓቱን ከስሟ በላይ ጻፈች። ልጅቱ ወረቀቱን በሁለቱ የመፈተኛ ካርዶች መካከል አድርጋ ሦስቱንም አንድ ላይ ፖስታ ውስጥ ከተተች። «ሆስፒታሉ መንገዳችን ነው። ከፈተናው በፊት እናደርሰዋለን» አለች። እንባ ይሁን የሻዩ እንፋሎት፣ ፊቷ ረጥቦ ነበር።

«ብከለከልስ?» አለች ሲስተር። «አልፌም ብከለከልስ?»

ልጅቱ የጥያቄ ወረቀቱን እንደ ልማዷ ሳብ አደረገችና ቀይ ፊደሎቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ ዘጋችው።

«አላውቅም፣ እማዬ» አለች።